ቡልኮው የወረደ ዕለት

ሆሳዕና ሞቃት ከተማ ናት ብሎ የሚከራከር ሰው የለም። ከቆላ የመጣ እንግዳማ የመጀመሪያዋን ሌሊት ተጨማሪ ብርድ ልብስ ሲለምን ነው የሚያድረው። ግን ይህን የሚሉት ሁሉ በየካቲት ወር፣ ከሰዓት በኋላ፣ የኮንዶሚኒየም የመጨረሻ ፎቅ ላይ ከቆርቆሮው ሥር ተቀምጠው የማያውቁ ሰዎች ናቸው። እዚያ ላይ ቆርቆሮው ከረፋዱ ጀምሮ ይንጣጣል። ኮርኒሱን በእጁ የነካ ሰው እጁን ቶሎ ይሰበስባል። ወደ ምዕራብ የሚያየው የሳሎን መስኮት ደግሞ ፀሐይዋ እስክትጠልቅ ድረስ ሙጭጭ እንዳለችበት ይውላል።

ጴጥሮስ እንዲህ ያለው ቤት ውስጥ መኖር ከጀመረ አራተኛ ዓመቱን ይዟል። ቤቱን የገዛለት ደቡብ አፍሪካ ሱቅ ያለው ወንድ ልጁ ነው። እሱ ራሱ ዕድሜውን በሙሉ ከሆሳዕና አዲስ አበባ አውቶቡስ ሲያመላልስ የኖረ ሾፌር ነበር፤ አሁን ጡረታ ወጥቷል። ሚስቱ አባይነሽ እዚህ በገቡ በዓመቱ አረፈች። ከዚያ ወዲህ ቤቱን የሚጋሩት እሱና አንደኛ ክፍል የምታስተምረው ታናሽ ልጁ ሮዳስ ብቻ ናቸው።

እንግዳ በመጣ ቁጥር አንድ ነገር ይባላል፦ «ቤታችሁ እንዴት ቀዝቃዛ ነው!» ጴጥሮስ ታዲያ ግድግዳውን ራሱ ያቆመው ይመስል ደረቱን ነፋ አድርጎ «አቀማመጡ ነው፤ ነፋስ ያገኛል» ይላል። ጎን ለጎን ያለው የጎረቤት ቤት፣ በዚያው አቀማመጥ፣ ለምን በሙቀት ሰው እንደማያስቀምጥ ጠይቆ አያውቅም። ወንድ ልጅ አንዳንዴ እንዲህ ነው፤ የሚበላውንም የሚለብሰውንም ከሰማይ የወረደ ይመስለዋል።

ቅዝቃዜው የሮዳስ ሥራ ነበር። ጎህ ሳይቀድ ትነሳና የወጥ ቤቱንና የሳሎኑን መስኮት ወለል አድርጋ ትከፍታለች። የሌሊቱ ብርድ በአንዱ ገብቶ በሌላው ይወጣል፤ ግድግዳው ራሱ እስኪቀዘቅዝ ትተወዋለች። የቀኑን ወጥ በዚያው ሰዓት ሠርታ ትጨርሳለች፤ ፀሐይ ከበረታች በኋላ በዚያ ቤት ምድጃ አይለኮስም። ትምህርት ቤት ከመሄዷ በፊት መስኮቱን ሁሉ ዘግታ መጋረጃውን ትጋርዳለች፤ በምዕራቡ መስኮት ላይ የእናቷን ቡልኮ፣ ያን ወፍራም የጥጥ ልብስ፣ ከላይ ከሚስማሩ ትሰቅለዋለች። ከሰዓት ስትመለስ ወለሉን በእርጥብ ጨርቅ ትወለውላለች። ጥላ ያረፈበትን የወጥ ቤቱን መስኮት ትከፍትና አንሶላ ነክራ፣ ጨምቃ፣ በፊቱ ትዘረጋለች። ወንድሟ ገንዘብ ልኮ ያስገዛው ማራገቢያ አለ፤ እሱ ግን መብራት ባለበት ቀን ብቻ ነው የሚያገለግለው።

ጴጥሮስ ይህን ሁሉ እያየ አያየውም። ጠዋት መስኮቱ ሲከፈት ብርድ ልብሱን እስከ ጆሮው ስቦ «ልጅቷ በብርድ ልትጨርሰኝ ነው» እያለ ያጉረመርማል፤ ከዚያ መልሶ ይተኛል። በሥራ ዘመኑ ሁሉ «መስኮት ዝጉልን፣ ነፋስ መታን» የሚሉ ተሳፋሪዎች ሲጨቃጨቁበት ስለኖረ ክፍት መስኮት ሲያይ ጠብ ይታየዋል።

ነገሩ የመጣው በዕንባቆም ነው። ዕንባቆም የዶዮገና ልጅ ነው፤ እዚያው ወረዳው ላይ የእርሻ ባለሙያ ሆኖ ይሠራል። ሮዳስን ያወቃት በመዘምራን ጉባኤ ላይ ነው። ከጥምቀት በኋላ ሽማግሌ ልኮ ነበር፤ ጴጥሮስ ወጉ እንደሚያዘው «ልምከርበት» ብሎ መለሳቸው። መከረም። ልጁን ደቡብ አፍሪካ ደውሎ ጠየቀው፤ «እሷ ከወደደችው ምን ትፈልጋለህ?» አለው። የቤተ ክርስቲያኑን ሰዎች ጠየቀ፤ አመሰገኑት። ዘር ቆጠረ፣ ጠባይ ጠየቀ፣ መጠጥ ይቀምስ እንደሆነ አጣራ። ዕንባቆም ነውር የሌለበት ልጅ ነው፤ ጴጥሮስን የቸገረውም ይኸው ነበር።

ሮዳስ ካገባች ዝውውር ጠይቃ ዶዮገና መግባቷ ነው። ጴጥሮስ ማታ ማታ ሶፋው ላይ ሆኖ ቤቱን ይቃኘዋል፦ ሁለት ክፍል፣ አንድ ሳሎን፣ አንድ ሽማግሌ። ከመሸ ከስልኩ በቀር የሚያናግረው አይኖርም። ፈራ። ይህን ለሮዳስ አልነገራትም፤ እሷም «ምን አሰብክ?» ብላ አልጠየቀችውም። አባትና ልጅ አንድ ማዕድ ላይ እየበሉ ስለ ሌላው ነገር ሁሉ ያወራሉ፤ ዶዮገና የሚለውን ስም ግን ሁለቱም አያነሱትም።

መልስ የሚሰጥበት ቅዳሜ ደረሰ። ሽማግሌዎቹ ዘጠኝ ሰዓት ላይ እንደሚመጡ ተነግሮታል። ሮዳስ ጠዋት ቤቱን እንደ ወትሮዋ አሰናድታ ወደ መዘምራን ልምምድ ስትወጣ በር ላይ ቆም አለች።

«አባ፣ ቡልኮውን እንዳትነካው። እኔ ቶሎ እመለሳለሁ።»

ባትለው ኖሮ ምናልባት አያስበውም ነበር። ጴጥሮስ ብቻውን ተቀምጦ መስኮቱን አየ፣ ቡልኮውን አየ፣ ቀስ በቀስ አንድ ሐሳብ ልቡ ውስጥ ገባ። ሽማግሌ ቃል ሳይሰጠው አይቀመጥም፤ ቆሞ ነው የሚለምነው። ዶዮገናዎች ደግሞ የደጋ ሰዎች ናቸው፤ ጉም ለብሰው ያደሩ፣ ካፖርት ደርበው የሚመጡ። ቤቱ ቢግል ንግግር ያጥራል። እሱ «ከፋሲካ በኋላ እንነጋገርበት» ይላቸዋል፤ እነሱም ነፍሳቸውን ለማዳን እሺ ብለው ደረጃውን ይወርዳሉ። ከፋሲካ በኋላ የእርሻ ሥራ ነው፣ ከዚያ ክረምት ነው፣ ከዚያ መስቀል ነው። እስከዚያ ማን ያውቃል? እምቢ አይልም፤ እምቢ ለማለት ምክንያት የለውም። የሚፈልገው ጊዜው ዝም ብሎ እንዲያልፍ ነው።

ተነሳ። ቡልኮውን ከሚስማሩ አውርዶ አጠፈው። መጋረጃውን ወዲያና ወዲህ ገፍቶ የምዕራቡን መስኮት በረገደው። የወጥ ቤቱ መስኮት በደንብ መዘጋቱን አረጋገጠ። ማራገቢያውን አልጋ ሥር ከተተ። ከዚያ ጉዞ ከመነሳቱ በፊት ጎማ እንደሚያይ ሾፌር እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ ሥራውን ተመለከተ፤ አሁንም አንድ ነገር የጎደለ መሰለው። ወጥ ቤት ገብቶ ቦሎቄ በትልቁ ድስት ጣደ። ቦሎቄ ግማሽ ቀን ይፈጃል።

ሮዳስ ከምሳ ሰዓት በኋላ ተመለሰች። ጴጥሮስ ሶፋው ላይ ሆኖ ጋዜጣ የሚያነብ መሰለ። «እንዴት ዋልክ፣ አባ» አለች። ለአፍታ ያህል መሐል ሳሎን ቆማ ቆየች። ከዚያ ወደ ክፍሏ ገብታ በሯን በቀስታ ዘጋች። ጴጥሮስ ሽማግሌ ስለሚመጣ አፍራ ነው ብሎ ትንፋሹን ለቀቀ።

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን በሩ ተንኳኳ። ፊት የገባው የዕንባቆም አጎት ወንዳፈረው ነው፤ ጥቁር ካፖርት ለብሶ፣ ከካፖርቱ ላይ ጋቢ ደርቧል። ጠዋት ዶዮገናን ሲለቅ መንገዱ በጉም አይታይም ነበር። ቀጥሎ ሙሉ ልብስ የለበሰ፣ ክራቫቱን አንገቱ ድረስ ያሰረ ወንጌላዊ ገባ። ሦስተኛው ሲገባ የጴጥሮስ ፈገግታ ፊቱ ላይ ደረቀ። ነጭ ቆቡን የደፋው፣ ደረጃ መውጣቱ ትንፋሽ ያሳጠረው ሰው ናስረዲን ነበር።

ናስረዲን እታች ምድር ቤት ሱቅ ያለው ወዳጁ ነው። በየቀኑ ከሰዓት ወደዚህ ቤት ወጥቶ ሻይ ይጠጣል፤ ሰሞኑን የቀረው ረመዳን ስለገባ ነው። ያለፈው ጊዜ የመጡት ሦስተኛው ሽማግሌ ታመው ስለቀሩ፣ ሮዳስን ፍለጋ ሲመጣ ሱቁ ደጃፍ ላይ የሚያመሸው ዕንባቆም እሱን ለምኖት ኖሯል።

«ግቡ፣ ተቀመጡ» አለ ጴጥሮስ።

«አንቀመጥም፤ የመጣንበትን ስንሰማ እንቀመጣለን» አለ ወንዳፈረው።

«በጸሎት እንጀምር» አለ ወንጌላዊው።

ጸሎቱ ጴጥሮስ እንደተመኘው አላጠረም። ወንጌላዊው ዓይኑን ጨፍኖ ከአብርሃም ሎሌ ተነሳ፤ ርብቃን ከጉድጓዱ አጠገብ አገኛት፤ ለቤቱ፣ ለሕንጻው፣ ለከተማውና ለአገሩ ባረከ። ላቡ ከግንባሩ ወርዶ ከአገጩ ጫፍ እየተንጠባጠበ ክራቫቱን ያረጥበዋል። አሜን ከተባለ በኋላ ወንዳፈረው የቤተሰቡን ነገር ከቅድመ አያቱ ጀመረ። ሰው ቤት ገብቶ «ይሞቃል» ማለት ባለቤቱን መስደብ ነው፤ ስለዚህ ዶዮገናዎቹ ሙቀት ተሰምቷቸው እንደማያውቅ ሆነው ቆሙ። ሙቀቱን እንዳላዩ ለማስመሰልም ሲሉ ንግግሩን አስረዘሙት። ጴጥሮስ ይህን አላሰበም ነበር። ወጥ ቤት ውስጥ የድስቱ ክዳን እየተንኳኳ እንፋሎቱን ወደ ሳሎን ይልካል።

ናስረዲን ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። ባዶውን መስኮት አየ። ሚስማሩን አየ። አንገቱን ሰገግ አድርጎ ድስቱን አየ። ከዚያ ጴጥሮስን አየው። ከንፈሩ ደርቆ ነጥቷል። ጴጥሮስ «ውኃ» ሊል አፉን ከፈተና ዘጋው፤ ለጾመኛ ውኃ አይቀርብም። ከጠዋት ጀምሮ እህልም ውኃም ያልቀመሰ ወዳጁን አራት ፎቅ አስወጥቶ እሳት ውስጥ አቁሞታል። እፍረት ከእግሩ እስከ ራሱ ወረረው።

«አቶ ጴጥሮስ» አለ ናስረዲን ተራው ሲደርስ። በአዘቦቱ አንተ ይለዋል፤ ዛሬ ግን ለሽምግልና ነው የመጣው። «ልጁን እኔም አውቀዋለሁ። ሱቄ ደጃፍ ላይ ነው የማየው፤ ሰው ያከብራል። እርስዎንም አውቅዎታለሁ። ልጅዎን ለልጃችን ይስጡን።»

ጴጥሮስ ጉሮሮውን ጠረገ። ሲያጠናው የሰነበተው ንግግር አፉ ላይ ነበር። «እንግዲህ ጉዳዩ ሰፊ ነው… ከፋሲካ በኋላ…»

የናስረዲን እጅ በግድግዳው ላይ ተንሸራተተ። ጉልበቱ ከዳው፤ ወንጌላዊው በብብቱ ገብቶ ባይዘው ኖሮ ይወድቅ ነበር።

የሮዳስ በር ተከፈተ። የምትለመን ልጅ ሽማግሌ ፊት አትወጣም፤ ሁሉም ያውቃል፣ እሷም ታውቃለች። ማንንም ሳታይ ወጥ ቤት ገብታ ምድጃውን አጠፋች፤ መስኮቱን ከፈተች። ተመልሳ የምዕራቡን መስኮት ዘጋች፣ መጋረጃውን ሳበች፣ ወንበር ላይ ወጥታ ቡልኮውን ሰቀለች። አንሶላውን ነክራ ዘረጋች። ሦስት ትልልቅ ወንዶች አንገታቸውን ደፍተው ሠርታ እስክትጨርስ ጠበቋት። በመጨረሻ እርጥብ ፎጣ ይዛ ናስረዲን ፊት ቆመች።

«ጋሽ ናስረዲን፣ ግንባርዎ ላይ ያድርጉት፤ ጾምዎን አያፈርስም። አሁን ይቀመጡ።»

«አልቀመጥም፣ የኔ ልጅ» አለ ናስረዲን። ፎጣውን ግን ተቀበላት። «ቃል አልተሰጠንም።»

«ተቀመጥ እንጂ፣ ናስሮ» አለ ጴጥሮስ።

«በሽምግልና መጥቼ? ሊሞት ሲል ተቀመጠ ይበሉኝ?»

ድምፁ ደክሟል፤ እግሩ ይንቀጠቀጣል፤ አልተቀመጠም። ጴጥሮስ ሦስቱን ሽማግሌዎች አየ፤ ከዚያ ልጁን አየ። ሮዳስ ፎጣው ያረጠባቸውን እጆቿን በቀሚሷ እየጠረገች መሬት መሬት ታያለች። ሊደብቀው የሚችለው ነገር አልቀረም።

«መስኮቱን የከፈትኩት እኔ ነኝ» አለ። «ቡልኮውንም አውርጄ ቦሎቄውን ጥጄ፣ ማራገቢያውን የደበቅኩት እኔ ነኝ። ሞቋችሁ ቶሎ እንድትሄዱልኝ ነው። ልጁ ላይ እንከን ስፈልግ ሰነበትኩ፤ አላገኘሁም። ብቻዬን መቅረት ፈርቼ ነው። ሌላ ምክንያት የለኝም።» ትንፋሹን ሳበ። «ልጄን ሰጥቻለሁ። እንግዲህ ተቀመጡ። ናስሮ፣ በፈጠረህ ተቀመጥልኝ።»

ናስረዲን ሶፋው ላይ ዝርግት አለ። ወንዳፈረው ጋቢውን አወረደ፣ የካፖርቱን ቁልፎች አንድ በአንድ ፈታ፣ ሸሚዙ ከጀርባው ተጣብቆ ታየ።

«እኔ እኮ ወባ የያዘኝ መስሎኝ ነበር» አለ። «ለልጆቼ ምን ብዬ ልናዘዝ እያልኩ ነበር።»

መጀመሪያ ወንጌላዊው ሳቀ፤ ከዚያ ናስረዲን ፎጣውን ግንባሩ ላይ እንዳደረገ ሳቀ። ጴጥሮስ አልሳቀም፤ ግን ከትከሻው ላይ ከባድ ነገር የወረደለት ያህል ተሰማው። ቤቱ ቀስ በቀስ መተንፈስ ጀመረ። ስለ ቀኑ ተነጋገሩ፣ ወንጌላዊው ሌላ ጸሎት አደረገ፤ ይኼኛው አጭር ነበር። ናስረዲን ሲወጣ በሩ ላይ የጴጥሮስን እጅ ይዞ ቆየ። «አንተ ሰው» ብቻ አለው፤ ከዚያ የደረጃውን ብረት እየያዘ ወረደ።

ሮዳስ ወንበሮቹን ወደ ቦታቸው ትመልሳለች። ጴጥሮስ ከበሩ ጋ ቆሞ አያት።

«ስትገቢ አላየሽውም ነበር? መስኮቱን?»

«አይቼዋለሁ፣ አባ። ቦሎቄውንም አይቻለሁ።»

«ታዲያ ለምን አልዘጋሽውም?»

ወንበሩን ይዛ ቆመች። «አንተ የከፈትከውን እንዴት ብዬ እዘጋለሁ? ነገሩ ገብቶኛል። ካልፈለግክ ይቅር ብዬ ነው የገባሁት። ለዕንባቆም ምን ብዬ እንደምነግረው ሳስብ ነበር።»

ጴጥሮስ እዚያው ባገኘው ወንበር ላይ ተቀመጠ። ሲሰጋ የከረመው በቀላሉ ትታው ትሄዳለች ብሎ ነበር። እሷ ግን ከዚያ በር በስተጀርባ፣ በዚያ ሙቀት ውስጥ፣ ለእሱ ስትል የምትወደውን ልጅ የምታሰናብትበትን ቃል ስትመርጥ ቆይታለች። አንድ ቃል ሳይወጣት፣ ሳትከሰው። ናስረዲን ባይንገዳገድ ኖሮ አትወጣም ነበር፤ እሱም ሳያውቀው ይሞት ነበር። ዕንባው መጣ፤ አልደበቀውም።

«ምን ልትይው ነበር?»

«እሱን ተወው፣ አባ። አለፈ እኮ።» መጥታ አጠገቡ ተቀመጠች። «እኔም ፈርቻለሁ። አንተን እዚህ ትቼ መሄድ ቀላል መስሎህ ነው?»

ከወጥ ቤቱ መስኮት የሚመጣው ነፋስ እርጥቡን አንሶላ ያወዛውዘዋል። ጴጥሮስ የነፋሱን መንገድ ለመጀመሪያ ጊዜ በዓይኑ ተከተለው፦ ከአንሶላው ወደ ኮሪደሩ፣ ከኮሪደሩ ወደ ሳሎኑ፣ ከዚያ ወደ እሱ እግር።

«ነገ ስትነሺ ቀስቅሺኝ» አለ።

«ለምን?»

«መስኮቱን እኔ እከፍታለሁ። አንቺ ተኚ።»

ሮዳስ ፊቷን አዙራ ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች። ስትመልስለት ድምፅዋ የአስተማሪ ድምፅ ሊሆን እየሞከረ ነበር።

«መጀመሪያ የሚከፈተው የወጥ ቤቱ ነው፣ አባ። የሳሎኑ ከዚያ በኋላ ነው።»

«እሺ» አለ ጴጥሮስ። «መጀመሪያ የወጥ ቤቱ።»